መርከቡ ሳይሆን አምስቱ ልጆች

ጥያቄ፦ «የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቋ 8 ዓመቷ፣ ወንዱ 4 ዓመቱ፣ ትንሿ ገና 8 ወሯ ነው። ሮማ የሚኖሩት የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ በመጪው ሐምሌ ሁላችንንም በመዝናኛ መርከብ ለሰባት ሌሊት በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሊያንሸራሽሩን አስበዋል። የመርከቡን ዋጋ እሳቸው ይከፍላሉ፤ የአውሮፕላኑ የእኛ ነው። የ5 እና የ3 ዓመት የልጅ ልጆቻቸውንም ይዘው ይመጣሉ፤ የልጆቹ እናት ሥራ ስላላት አትመጣም። ለነገሩ እነሱንም እኔው ነኝ የምጠብቃቸው። ባለቤቴ በጣም ደስ ብሎታል፤ ሕፃኗን ግን ለእናቱ ትተናት እንሂድ ይላል። አማቴ ደግሞ ልጅ ይዞ ባሕር ላይ መውጣት እግዜርን መፈታተን ነው ይላሉ፤ በዚያ ላይ የተሳሉት የቁልቢ ስለት አለባቸው። እኔ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ልሂድ ወይስ ልቅር? ሕፃኗንስ ምን ላድርጋት? ሰ. ነኝ፣ ከሳቢያን።»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ንባብ ልቤን የወሰዱት ባሕሩ፣ ሕፃኗና የአማትዎ ቃል ነበሩ፤ በሁለተኛው ግን መሐል ላይ የተወሸቀች አንዲት ዓረፍተ ነገር አስቆመችኝ፦ «ለነገሩ እነሱንም እኔው ነኝ የምጠብቃቸው።» ይህን ያለዎት ማን ነው? እትዬ ናቸው? ባለቤትዎ ናቸው? ወይስ ማንም ምንም ሳይል፣ ቤት ውስጥ እንደተለመደው፣ እርስዎ ራስዎ ተረክበውት ነው? ደብዳቤው አይናገርም፤ የእኔ ግምት ግን የመጨረሻው ነው። አምስት ልጆች፣ ከእነርሱም አንዷ ጡት የምትጠባ፣ ተይዘው ለሰባት ሌሊት የሚደረግ ጉዞ ለሌላው ሰው ሽርሽር ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ግን ሳቢያን ካለው ቤትዎ የሚለየው በመስኮት ውኃ በመታየቱ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ይሂዱ፤ ሕፃኗንም ይዘዋት ይሂዱ፤ ነገር ግን አምስቱን ልጆች በየትኛው ሰዓት ማን እንደሚይዝ ከእትዬና ከባለቤትዎ ጋር ቁርጥ አድርገው ሳይነጋገሩ የቪዛ ቀጠሮ አይያዙ።

አሁን ወደ ፍርሃትዎ ልመለስ። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ባሕርን ቢፈራ አይፈረድበትም፤ የድሬዳዋ ሰው ደግሞ ውኃ ሲባል ትዝ የሚለው የደቻቱ ወንዝ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ይዞ የሄደባት ከተማ ውስጥ ያረጁ እናት ልጅና ውኃ አንድ ላይ ሲጠሩ ቢደነግጡ፣ ቃላቸውን እንደ ክፉ ንግርት ሳይሆን እንደ ትዝታ ይቀበሉላቸው። መርከቡን በተመለከተ ግን ሊነግሯቸው የሚችሉት ነገር አለ። ታይታኒክ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 ከሰጠመች በኋላ አገሮች በ1914 የባሕር ላይ ደህንነት ስምምነት ተፈራርመዋል፤ ስምምነቱ እየታደሰ እስከ ዛሬ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ሕፃን በልኩ የተሠራ የሕይወት አድን ጃኬት መኖር አለበት የሚለው የሚመነጨው ከዚያ ነው፤ ሰው የሚወጣባቸው ወለሎች ዳር አጥር ከ1 ሜትር ማነስ የለበትም የሚለው ደግሞ ከሌላ ዓለም አቀፍ የባሕር ስምምነት ነው። እናንተ የምትሳፈሩበት ወደብ ቺቪታቬኪያ መሆኑ አይቀርም፤ ከሮማ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ በጥር 2012፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ ከአለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች የሞቱባት ከዚሁ ወደብ በተነሳች በሰዓታት ውስጥ ነበር፤ በዚያ ቀን የተሳፈሩት መንገደኞችም የአደጋ ጊዜ ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ከዚያ በኋላ ሕጉ ጠብቆ፣ ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያው እንዲደረግ ተደነገገ። ይህን የምነግርዎ ላስፈራዎ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ወደ ቡፌው ሲጣደፍ እርስዎ ልጆችዎን ይዘው ልምምዱን በቁም ነገር እንዲከታተሉ ብዬ ነው። የአደጋው ምልክት ሰባት አጭር ጡሩምባና አንድ ረዥም ነው። ትንንሾቹ ድንገት ሲሰሙት ይደነግጣሉና አስቀድመው ቤት ውስጥ በጨዋታ መልክ ይንፉላቸው፤ የባቡር ጡሩምባ እየሰማ ያደገ የድሬ ልጅ እንደሆነ ቶሎ ይለምደዋል።

ከመስመጥ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ በረንዳና የመዋኛ ገንዳ ነው። የመርከብ ክፍል በረንዳ ካለው ወንበሩና ጠረጴዛው ከአጥሩ ርቀው ወደ ግድግዳው ይጠጉ፤ የአራት ዓመት ልጅ ወንበር ካገኘ ይወጣበታል። በብዙ መርከቦች ገንዳ አጠገብ ነፍስ አድን ዋናተኛ አይቆምም፤ ባለበትም መርከብ ቢሆን ዋና የማያውቅ ልጅ በእጅ በሚደረስበት ርቀት ውስጥ እንጂ በዓይን ብቻ አይጠበቅም። አንድ ሰው አምስት ልጅ ገንዳ አጠገብ መጠበቅ አይችልም። ይህን እርስዎ እንደ ስንፍና እንዳይቆጥሩት፣ ሌሎቹም እንደ ቅብጠት እንዳይቆጥሩብዎ አደራ እላለሁ።

የሆድ መገለባበጡን ጉዳይ ደግሞ ሮማ ድረስ ሳይሄዱ እዚሁ ሊፈትኑት ይችላሉ። ከድሬዳዋ ሐረር ስትወጡ በደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ የሚሆኑትን ያስታውሱ። አንዱ ልጅ ፌስታል ይዞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እናቱ የተቆረጠ ሎሚ አፍንጫው ሥር ይዛለት የሚሄድ ከሆነ፣ ባሕርም ላይ አስቀድሞ የሚታመመው እሱ ነው። ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ብዙም አይቸገሩም፤ ክፉው ዕድሜ ከ2 እስከ 12 ያለው ነውና ከአምስቱ አራቱ እዚያ ውስጥ ናቸው። ደግነቱ የዛሬ ትልልቅ መርከቦች ከውኃ በታች መንቀጥቀጡን የሚያበርዱ ክንፎች አሏቸው፤ በሐምሌም ሜዲትራኒያን በአብዛኛው የተረጋጋ ነው፤ ምናልባት ማርሴይ አካባቢ፣ በሊዮን ባሕረ ሰላጤ፣ ሚስትራል የሚባለው ነፋስ ሊያናውጣችሁ ይችላል። ክፍል ሲመረጥ ከመርከቡ መሐል፣ ከታችኛው ወለል ይሁን፤ ከላይና ከጫፍ ያለው ውዝዋዜው ይበዛል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠውን መድኃኒት ግን ሐኪም ሳያዝ፣ በተለይ ለትንንሾቹ፣ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው አይስጡ።

ሕፃኗን በተመለከተ የባለቤትዎ ሐሳብ ከቅንነት የመጣ ይመስለኛል፤ እንዲያርፉ ፈልገው ይሆናል። ነገር ግን ሒሳቡ አይገጥምም። ሐምሌ ሲደርስ ልጅቷ የ14 ወር ትሆናለች፤ ጡት እየጠባች ያለች ልጅ ከመንገዱ ጋር ለአሥር ቀን ገደማ ከእናቷ መለየት ጡት በአንድ ጊዜ እንደማስጣል ነው፤ እርስዎም ባሕር ላይ ጡትዎ ሞልቶ ሲያምዎ መርከቡ አይመለስልዎትም። አማትዎም ቢሆኑ ሐምሌ 19 ቁልቢ ሊወጡ የተሳሉ ሴት ናቸው፤ ያን ሁሉ ሕዝብ አቋርጠው ሕፃን አዝለው ይውጡ ማለት ነው? የመርከብ ድርጅቶች በአብዛኛው ከ6 ወር በላይ የሆነን ሕፃን ይቀበላሉ፤ ውቅያኖስ ለሚያቋርጡ ረዣዥም ጉዞዎች ደግሞ 12 ወር ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ በዕድሜ በኩል እንቅፋት የለም። የሕፃን አልጋ አስቀድሞ ከተጠየቀ ያለ ክፍያ ክፍል ውስጥ ይገባል። ጋሪውን ቤት ይተዉት፤ ጠባብ መተላለፊያና ደረጃ በበዛበት ቦታ አንቀልባ የሚያህል ነገር የለም። ዳይፐር ከመሳፈርዎ በፊት ሮማ ላይ ይግዙ፤ መርከብ ላይ ሲያልቅብዎ ከሚሸጥልዎ ባለሱቅ ጋር መደራደር አይቻልም። ዳይፐር የምታደርግ ልጅ በብዙ መርከቦች ትልቁ ገንዳ ውስጥ እንድትገባ አይፈቀድላትም፤ የዋና ዳይፐርም ቢሆን አያስገባትም። ይህን እዚያ ደርሰው ሲሰሙ እንዳያዝኑ አሁኑኑ ይወቁት።

ክፍሉ የጭቅጭቅ ምንጭ ሊሆን የሚችል ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ተራ የመርከብ ክፍል ከአራት ሰው በላይ አይዝም፤ ሕፃንም ቢሆን በሕይወት አድን ጀልባ ላይ እንደ አንድ ነፍስ ይቆጠራል፤ የእናንተ ቤተሰብ ደግሞ አምስት ነው። አምስት የሚይዙ ክፍሎች ጥቂት ስለሆኑ ቀድመው ያልቃሉ። አንዳንድ የጣሊያን ድርጅቶች ከሁለት አዋቂ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር ልጅ የወደብ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ያደርጋሉ፤ እትዬም ይህን ሰምተው ሊሆን ይችላል «ልጆች በነፃ ናቸው» ያሉት፣ ብለው ከሆነ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቦታ ለመሙላት ሲባል የአምስት ዓመቱ ልጅ ከእናንተ ጋር፣ ትልቋ ልጅዎ ከእትዬ ጋር ይደር ይባላል፤ ያኔ ሞግዚትነቱ በቀን ብቻ ሳይሆን በሌሊትም ይጸናል። የእኔ ምክር በመካከላቸው የሚከፈት በር ያላቸው ሁለት ክፍሎች እንዲያዙ ነው፤ የእትዬ የልጅ ልጆችም ከእትዬ ጋር ይደሩ። ሌሊት የሚያለቅስን ልጅ የሚያባብል ሰው ማን እንደሆነ የሚወሰነው በአልጋው ቦታ ነው።

ቀኑን ደግሞ መርከቡ ራሱ ያግዛችኋል፣ ከተጠቀማችሁበት። በአብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ከ3 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆችን በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚቀበል የልጆች ክበብ አለ። ልጆቹ በዕድሜ ይከፈላሉ፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ያሉት አንድ ላይ፣ ከ7 እስከ 11 ያሉት ለብቻ ይውላሉ። ስለዚህ ወንዱ ልጅዎ ከሁለቱ የእትዬ የልጅ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ይገባል፤ ትልቋ ተለይታ ትሄዳለች፤ እርሷ እንደሆነች ነፃነቷን ትወደዋለች ብዬ አምናለሁ። ከክበቡ ውጭ የምትቀረው ሕፃኗ ብቻ ናት። ነገር ግን ክበቡ በአብዛኛው ዳይፐር ያልተወ ልጅ አይቀበልም፤ ስለዚህ የሦስት ዓመቱ ልጅ ሽንቱን መናገር ጀምሯል ወይ ብለው እትዬን ዛሬውኑ ይጠይቁ። ካልጀመረ እስከ ሐምሌ ጊዜ አለ፤ ይህም የእናቱ የቤት ሥራ እንጂ የእርስዎ አይደለም።

ክበብ ሲባል ግን ልጁን በር ላይ አስረክቦ መሄድ አይምሰልዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእህቴና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከአንድ የአውሮፓ ወደብ በተነሳ መርከብ ተጉዤ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የአራት ዓመቱን ልጅ አስገብተን ቡና ልንጠጣ ገና እንደተቀመጥን ተጠራን፤ ስንመለስ ጫማውን አላወልቅም ብሎ፣ በሁለት እጁ የበሩን እጀታ አንቆ፣ ድምፁ እስኪዘጋ አልቅሷል። በሁለተኛው ቀን እህቴ አብራው ገብታ ግማሽ ሰዓት ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እሷ ቀና ብላ አላየችውም፣ እሱም አላያትም፤ እንጨት እየደረደረ ነበር። በሦስተኛው ቀን እሱ ራሱ እጇን እየጎተተ ወሰዳት። የእርስዎ ልጅ ሳቢያን ደጅ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እየቀላቀለ የሚጫወት ከሆነ ቋንቋ የማያውቀው ልጅ አያስደነግጠውም፤ ሠራተኞቹን ግን አንድ ነገር መጠየቅ መቻል አለበት፤ ለዚህም «ባኞ» የምትለዋ ቃል ትበቃዋለች፤ ጣሊያኖቹም እኛም የምናውቃት ናት።

ቀኑን በተመለከተ አማትዎን ሳታስቀይሙ መውጫ መንገድ አለ። ሐምሌ 19 የቁልቢ ቀን ነው፤ ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል፤ ትልቋ ልጅዎ ከአያቷ ጋር መጾም ከጀመረች በቡፌ ፊት ማስጾም ለልጅ ፈተና ነው። እነዚህ መርከቦች በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ስለሚነሱ፣ ወይ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ በሐምሌ መጀመሪያ ያለውን ሳምንት፣ ወይም ከሐምሌ 21 በኋላ ተነስቶ ከፍልሰታ በፊት የሚመለሰውን መምረጥ ይቻላል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ለቁልቢ ተመልሳችሁ ከአማትዎ ጋር መውጣት ትችላላችሁ፤ ይህን ሲሰሙ «እግዜርን መፈታተን» የሚለው ንግግርም ይለዝባል።

የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ብዙዎቹን የአውሮፓ አገሮች በአንድ የሚያስገባው ቪዛ፣ ማመልከቻውን ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ እስከ ሰኔ አይቆዩ፤ ሁሉም የሚጣደፈው ያኔ ነው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ያለ አይከፍልም። የእናንተ እንግዲህ ከአገልግሎት ክፍያ ውጭ 225 ዩሮ ይሆናል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የጣት አሻራ አይሰጡም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ግዴታ ነው፤ እናንተ ግን መርከብ ላይ የሚደረግ ሕክምናንና ከባሕር ላይ በአስቸኳይ ማንሳትን የሚጨምር መሆኑን አስጽፉ፤ የመርከብ ሐኪም አለ፣ ዋጋው ግን ትኩሳቱን ያስረሳል። መርከቡ ቱኒዝያ ወይም ሌላ ከሸንገን ውጭ ያለ ወደብ ላይ የሚቆም ከሆነ ተመልሶ መግባት ሌላ መግባት ነውና ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት። ይህን ያላስተዋሉ ሰዎች ከመርከቡ ሳይወርዱ ወደቡን በመስኮት አይተው ይመለሳሉ፤ ወይም ከነጭራሹ አይሳፈሩም። እትዬ የመርከቡን ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ይጠይቁልዎ።

ስለ ሻንጣም ጥቂት ልበል። ሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ለእትዬ ቅቤና ቋንጣ እንልካለን የሚል ዘመድ ቢመጣ በትሕትና ይመልሱት፤ በርበሬና ሽሮው ይበቃቸዋል። የታሸገ የሕፃን ዱቄት ወተት ግን እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ክፍል ውስጥ ማንቆርቆሪያም ሆነ ምድጃ፣ ሻማም ሆነ እጣን አይፈቀድም፤ መርከብ ከማዕበል ይልቅ እሳትን ነው የሚፈራው። ስለዚህ እትዬ ጀበናዬን ይዤ እመጣለሁ ቢሉ የቪዛውን ያህል ከባድ ጭቅጭቅ ይጠብቃችኋል። ባለቤትዎ ይቅሙ አይቅሙ ደብዳቤዎ አይናገርም፤ የድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል ግን እኔም እርስዎም እናውቃለን። ጣሊያንም ፈረንሳይም ጫትን ከልክለዋል፤ አንዲት እስር በልብስ መሐል ብትገኝ ጉዞው እዚያው አየር ማረፊያ ላይ ያበቃል።

የመርከቡን ዋጋ እትዬ ከፈሉ ማለት ሁሉም ተከፈለ ማለት አይደለም። እኔ ይህን የተማርኩት በመጨረሻው ቀን ንጋት በበራችን ሥር በገባ ወረቀት ነው። እህቴ ዓይኗን እያሸች ስታነበው የልጆቹ ጭማቂ፣ አንድ ቀን የጠጣነው ቡና፣ ሳንጠይቅ የተነሳነውና ልጆቹ «እኔ ነኝ!» ብለው የያዙት ፎቶግራፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የየቀኑ የአገልግሎት ክፍያ ተደርድሮ ነበር። ይህ የአገልግሎት ክፍያ በአሜሪካ ድርጅቶች መርከቦች ላይ ለአንድ ሰው በቀን ከ15 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይደርሳል፤ በአውሮፓዎቹ ዝቅ ይላል፤ ለልጆች ቀንሶ የሚጠየቅበትም አለ። በቀን 12 ዩሮ ነው እንበልና፣ ለእርስዎና ለባለቤትዎ በሰባት ሌሊት 168 ዩሮ ነው። እትዬ የሚከፍሉት ይህን ይጨምራል ወይ ተብሎ አሁን ቢጠየቅ ጨዋነት ነው፤ በመጨረሻው ንጋት ቢጠየቅ ግን ሐፍረት ይሆናል። መርከብ ላይ ለሁሉም ነገር የሚከፈለው በአንድ ካርድ ነው፤ የልጆቹ ካርድ መግዛት እንዳይችል እንዲዘጋ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ። ስልካችሁንም መርከቡ ሲነሳ የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፤ በባሕር ላይ የሚይዘው የሳተላይት መስመር ሲያስከፍል አይራራም።

ወደቦቹን ሁሉ ማየት አለብን ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ። ከሕፃን ጋር በሐምሌ ፀሐይ በየቀኑ ከተማ መዞር ሽርሽር አይደለም። ጄኖቫ ላይ የባሕር እንስሳት የሚታዩበት ትልቅ አኳሪየም ከወደቡ ብዙ አይርቅም፤ ለልጆች ከዚያ የተሻለ ግማሽ ቀን አላውቅም። ናፖሊ ላይም ከመርከቡ እንደወረዱ ከተማው ፊት ለፊት ነው፤ ፒሳ በልቶ መመለስ ይቻላል። ማርሴይ ወደቡ ከመሐል ከተማው ስለሚርቅ፣ እኔ ብሆን በዚያ ቀን መርከቡ ላይ እቀራለሁ፤ ሰው ሁሉ ወርዶ ገንዳው ባዶ የሚሆነው ያኔ ነው። የድሬ ሰው በቀትር ከጥላ እንደማይወጣ እዚያም አትውጡ። ሰዓቱን በተመለከተ ግን ባለቤትዎን ያስጠንቅቁልኝ። በበጋ የጣሊያን ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ስለሚሆን የልጆቹ እንቅልፍ አይዛባም፤ ነገር ግን መርከቡ «17፡30» ብሎ ሲጽፍ በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ማለቱ ነው፤ በልማድ አምስት ሰዓት ተኩል ወይም ሰባት ሰዓት ተኩል ብሎ የተሳሳተ ሰው መርከቡን ከኋላው ያየዋል። ለዘገየ መንገደኛ አይቆምም።

እንግዲህ ወደ ተነሳንበት። እትዬን በስልክ ያነጋግሯቸው፤ ሲደውሉ ባለቤትዎ አጠገብዎ ይቀመጡ፤ ነገሩን አስቀድመው ለእሳቸው የነገሯቸው እርስዎ ይሁኑ፤ በእህታቸው ፊት ድንገት እንዳይሰሙት። አያጉረምርሙ፤ እንደ ሥራ ክፍፍል ያቅርቡት። ለምሳሌ እንዲህ ቢሉ፦ «እትዬ፣ ስላሰቡን እግዜር ይስጥልን። ልጆቹ አምስት ስለሆኑ አንድ ነገር እንስማማ ብዬ ነው። ጠዋት ክበቡ እስኪከፈት ሁሉንም እኔ እይዛለሁ። ከምሳ በኋላ ሕፃኗ ስትተኛ እኔም እተኛለሁ፤ በዚያ ሰዓት ትልልቆቹ ከአባታቸው ጋር ናቸው። የእርስዎን ልጆች ገላ ማጠብና ማስተኛት እርስዎ ይያዙልኝ። ገንዳ ላይ ደግሞ ሁለት አዋቂ ሳይኖር ልጅ አይገባም።» እትዬ ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። የሚቀየሙ አይመስለኝም፤ ምናልባትም የልጆቹን ነገር በእርስዎ ላይ የጣሉት እሳቸው ሳይሆኑ እርስዎ ራስዎ መሆንዎን ሲሰሙ ይደነግጣሉ።

ባለቤትዎ ደግሞ «እኔስ መቼ ላርፍ?» ካሉ፣ የሚያርፉበት ሰዓት ይሰጣቸው፤ የእርስዎም ሰዓት ከእሳቸው ሰዓት ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ወረቀቱ የክፍሉ መስታወት ላይ ይለጠፍ። ልጆቹም ያንብቡት፤ የስምንት ዓመቷ ማንበብ ትችላለችና «አባዬ፣ የአንተ ሰዓት ደርሷል» የምትለው እሷ ትሆናለች።

ምናልባት እትዬ «የለም፣ ልጆቹን የምትይዢልኝ አንቺ ነሽ፣ ለዚህ ነው የጠራሁሽ» ካሉ፣ ቢያንስ ለምን እንደተጠሩ ያውቃሉ። ያኔ ባለቤትዎ ትልቋን ይዘው ይሂዱ፤ አንድ ወላጅ ብቻ ልጅ ይዞ ሲወጣ የሌላው ስምምነት በሰነድ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት የተረጋገጠ መሆን አለበትና ይፈርሙላቸው። እርስዎ ከሁለቱ ትንንሾች ጋር ድሬዳዋ ይቆዩ፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላም፣ በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ መላው ቤተሰብ በባቡሩ መስመር ጅቡቲ ወርዶ ባሕሩን ይየው። በሐምሌ ጅቡቲ ለልጅ የሚሆን አገር አይደለም፤ በጥር ግን ደስ ይላል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ የሚባሉ ነጠብጣብ ያላቸው ትልልቅ ዓሦች ይመጣሉ፤ ሰው አይነኩም። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት እዚያ፣ እግርዎን አሸዋ ላይ አድርገው፣ ሕፃኗን ባለቤትዎ አዝለው ቢሆን እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም።